የዳክዬ ጥይት ግዥ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ሱቅ በራፍ ላይ ቆማችሁ «ጥይት አላችሁ?» ብላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ብያለሁ። ያውም ደጋግሜ። ያውም ባሕር ዳር መሐል። ያውም የተጨማሪ እሴት ታክስ ደረሰኝ ጠይቄ።

ከመፍረዳችሁ በፊት ማን እንደሆንሁ ልንገራችሁ። የአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የግዥ ሠራተኛ ነኝ። የግዥ ሠራተኛ ማለት ፋብሪካው በሙሉ የሚያማው፣ ግን ያለ እሱ አንድ አምፖል የማይበራለት ፍጡር ነው። ከገበያ ከጠፋ ዓመት ያለፈው የማሽን ቀበቶ ፈልጌ አግኝቻለሁ። አምራቹ ራሱ መሥራቱን የረሳውን ብሎን አስመጥቻለሁ። ሌላው ሰው «የለም» ሲባል ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ እኔ ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ። ሚስቴ ሰብለ ይህን ጠባዬን «በሽታ» ትለዋለች። እኔ «ሙያ» እለዋለሁ። ከተጋባን ጀምሮ በዚህ ጉዳይ አልተስማማንም።

ነገሩ የተጀመረው አንድ እሁድ አማቴ ቤት ነው። አማቴ ጋሽ ደምሴ ከአንበሳሜ ወደ ሐይቁ ወረድ ብሎ፣ ከጣና ዳር ሩዝ የሚዘሩ ገበሬ ናቸው። ምሳ ቀርቦ እሳቸው አይጎርሱም። ጋሽ ደምሴ ካልጎረሱ አገር ሰላም አይደለም ማለት ነው።

«ምነው ጋሼ?» አልሁ።

«ይብራ» አሉ።

ይብራ የሚሉት የዱር ዳክዬውን ነው። ሩዙ ፍሬ መቋጠር ሲጀምር ጎሕ ሲቀድ በመንጋ ይመጣል አሉ። ቅጠሉን አይነካም፤ ዛላውን መርጦ ይለቅማል። የቻሉትን ሁሉ አድርገዋል። የአሮጌ ካፖርት ማስፈራሪያ አቁመው ነበር፤ በማግሥቱ ሲሄዱ ዳክዬዎቹን ከማስፈራሪያው ሥር ተኝተው አገኟቸው። ነፋስ ከልሎላቸዋል።

ፈቃድ ያለው ባለ ሁለት አፍ የአደን ጠመንጃ አላቸው። ወረዳውም ሰብላቸውን ለመከላከል እንዲተኩሱ ፈቅዶላቸዋል። የጎደለው ጥይት ነው። የዳክዬ ጥይት ደግሞ እንደ ሌላው ጥይት አንድ አረር አይደለም፤ ቀለሁ ውስጥ የማሽላ ፍሬ የሚያካክሉ ብዙ ደቃቅ ፍሬዎች ታጭቀውበታል፤ ሲተኮስ ይበተናሉ።

«የቀረችኝ ጥቂት የእርሳስ ጥይት ናት» አሉ ጋሽ ደምሴ። «በእሷው እሞክራለሁ።»

ሰብለ የያዘችውን ጉርሻ መለሰችው። ሰብለ የውኃ ምርመራ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምትሠራው። እቤታችን አንድ ብርጭቆ ውኃ የሚጠጣው እሷ በዓይኗ ካሳለፈችው በኋላ ነው።

«እርሳስ? ጣና ውስጥ?» አለች። «አባዬ፣ እርሳስ እኮ መርዝ ነው! ወፏ ጠጠር መስሏት ትውጠዋለች፤ ትሞታለች። እሷን የበላ ጭልፊት ይሞታል። ከዚያ ውኃ ከብትዎ ይጠጣል። ከዚያ ሐይቅ የወጣ ዓሣ የእኔ ልጅ ይበላል።»

«ታዲያ በምን ልተኩስ? በቆሎ ላብላት?»

«በብረት። ፍሬው ብረት የሆነ ጥይት አለ፤ በውጭ አገር በውኃ ዳር የሚተኩሱት በእሱ ነው።»

ሁሉም ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። እኔም፣ ይኼው በሽታ ይሁን ሙያ፣ ደረቴን ነፋሁ።

«እኔ እገዛዋለሁ።»

«ርካሽ ይሁን» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«አስተማማኝ ይሁን» አለች ሰብለ።

«ምን ችግር አለ!» አልሁ። በሕይወቴ የዳክዬ ጥይት አይቼ አላውቅም።

በማግሥቱ ፋሲሎ ሰፈር ወደሚገኘው የብረታ ብረት ነጋዴ ደንበኛዬ ሄድሁ። ሰውዬው ሱቁ ውስጥ የሌለውን ነገር እንኳ «መጋዘን አለ» የሚል ሰው ነው። ጠጋ ብዬ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ጥይት አለህ? የብረት» አልሁት። ይደነግጣል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን ከሒሳብ ማሽኑ ቀና ሳይል «የትኛው ከለር?» አለኝ።

ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። በመጀመሪያው ሱቅ! ሌሎች ሁለት ሱቆች ዋጋ ጠይቄ አወዳድሬ ልገዛ እያሰብሁ ሳለ አንዲት ትንሽ ካርቶን አምጥቶ አስቀመጠልኝ። ከፈትሁት። የጣት ጥፍር የምታክል ነገር ተደርድራለች።

«ይቺ ለዳክዬ ትሆናለች?»

አሁን ቀና አለ። «ይቺ ኮንክሪት ላይ ሚስማር መምቻ ናት፤ ጉልበቷ በከለሯ ነው የሚለየው። ዳክዬውን ግድግዳ ላይ ልትሰቅለው ነው?»

ጉዳዩን አስረዳሁት። አሰበ። ከልቡ አሰበልኝ። «ፍሬው ብረት ይሁን ካልህ» አለኝ፣ «ኩሽኔታ ሻጩ ዘንድ ሂድ።»

ሄድሁ። ኩሽኔታ ሻጩ አንድ አሮጌ ኩሽኔታ ሰብሮ የሚያብረቀርቁ የብረት ድብልብሎች መዳፌ ላይ አፈሰሰልኝ። «ይኸው ብረት። እርሳሱን አውጥታችሁ ይኼን መሙላት ነው። ለዕድሜ ልክ የማይበላሽ ነው» አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ ድብልብሎቹ ውብ ነበሩ። ባጃጅ ይዤ ወደ ቢሮ ስመለስ ለጋሽ ደምሴ ደወልሁ።

«ጋሼ፣ የኩሽኔታ ፍሬ አግኝቻለሁ። እርሳሱን አውጥተን እሱን ብንሞላበትስ?»

«ጠመንጃው ፊቴ ላይ ይፈንዳ? ወይስ አንተ ተኩሰህ ልጄን ያለ ባል ልታስቀራት ነው?»

«እሺ ተውት! ግን ጥይቱን ሳላገኝ ዞር አልልም» አልሁ። እልህ ይዞኛል፤ እልህ ሲይዘኝ ድምፄ ከፍ ይላል። «አዎ! ጎሕ ሲቀድ አይደል የሚመጡት? ብዙ ይሁኑ! ተደብቀን እንጠብቃቸዋለን! አንዱንም አናስተርፍም!»

ስልኩን ዘግቼ ቀና ስል የባጃጁ ሹፌር ዓይን በመስታወቱ ውስጥ እኔ ላይ ነው። ወዲያው ወደ ግራ ታጠፈ።

«ወንድሜ፣ መንገዱ ይኼ አይደለም እኮ።»

«ያቋርጣል» አለኝ።

በእርግጥ አቋረጠ። ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ።

የተቀበሉኝ መርማሪ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ፣ ረጋ ያሉ ሰው ነበሩ። ሹፌሩ የሰማውን አንድ ሳያጎድል፣ እንዲያውም ትንሽ ጨምሮ ነገራቸው። እኔን አስቀምጠው መነጽራቸውን አወረዱ።

«ማንን ነው ልትመቱ ያሰባችሁት?»

«ዳክዬን።»

«ዳክዬ የማን ቅጽል ስም ነው?»

«የማንም አይደለም ጌታዬ። ወፉ ነው። ውኃ ላይ የሚንሳፈፈው።»

«ወፍ» ብለው ጻፉ። «ትበሉታላችሁ?»

«ኧረ በማርያም! እንዴት ተደርጎ!»

«ልትሸጡት ነው?»

«ማን ይገዛናል?»

«የማትበሉትን፣ የማትሸጡትን ወፍ ለምን ትተኩሱበታላችሁ?»

«የአማቴን ሩዝ ስለሚበላ።»

«እና የኩሽኔታ ብረቱ ምንድን ነው?»

«በእርሳስ እንዳንተኩስ ሚስቴ ከለከለች።»

መርማሪው እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ይህ መልስ ከሁሉም በላይ እውነት መስሎ የታያቸው ይመስለኛል፤ እንዲህ ያለ ነገር ፈጥሮ የሚናገር ሰው የለም። «እስቲ ለባለቤትህ ደውልልኝ» አሉ።

ደወልሁ፤ ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁት። ሰብለ ባሏ የታሰረ መሆኑን ሰማች፤ አልደነገጠችም። ስለ እርሳስ ስትጠየቅ ግን ነደደች። ከዳክዬ ጀመረች፤ ወደ ዓሣ ሄደች፤ ከዓሣ ወደ ሕፃናት አጥንት ተሻገረች። በሩ ላይ የቆመው ጠባቂ ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ ገባ። ሹፌሩ ኮፍያውን አወለቀ። ስትጨርስ መርማሪው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «እሜቴ፣ የእኛ ጣቢያ የውኃ ቧንቧ የድሮ ነው፤ እርሳስ ይኖረው ይሆን?» አሉ።

«ናሙና ይላኩልኝ» አለች ሰብለ።

ከዚያ በኋላ ሻይ መጣልኝ። መርማሪው ሕጋዊ መንገዱን አስረዱኝ፤ ጥይት ሱቅ ለሱቅ አይለመንም፤ የመሣሪያው ባለቤት ራሱ ፈቃዱን ይዞ፣ አዲስ አበባ ፈቃድ ካለው ሻጭ ዘንድ ሄዶ ይገዛል። ከሁሉ በፊት ግን ጠመንጃው ይመርመር፤ ብረት እንደ እርሳስ ለስላሳ ስላልሆነ ያረጀ አፈሙዝ ሊጎዳ ይችላል።

ስወጣ ሹፌሩ ውጭ እየጠበቀኝ ነው። «ወንድሜ፣ በጣም ይቅርታ። ለአገር ብዬ ነው» አለኝ። ትከሻውን መታ መታ አድርጌ አመሰገንሁት። ልሄድ ስል፣ «ሒሳብ ግን አለ» አለኝ። ከፈልሁት።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ያቆም ነበር። ሰብለም «በቃ ተወው» ብላኛለች። እኔ ግን «የለም» አልተባልሁም፤ «አዲስ አበባ አለ» ነው የተባልሁት። ይህ ለግዥ ሠራተኛ ግብዣ ነው።

ጋሽ ደምሴ ጠመንጃቸውን በጋቢ ጠቅልለው ጣቢያው ድረስ አመጡት። የመሣሪያ ባለሙያው በአፈሙዙ ውስጥ በብርሃን እያየ፣ እያንኳኳ መረመረና፣ «የቀኙ ደኅና ነው፤ የግራው ሳስቷል። በግራው ምንም እንዳይተኩሱ» አላቸው። ጋሽ ደምሴ ይህን ሲሰሙ የራሳቸው ግራ ዓይን የታወረ ያህል አዘኑ። ለማጽናናት «አንዱም ይበቃናል ጋሼ» ብላቸው፣ «አንተ ሁለት ጆሮ አለህ፤ አንዱን ልቁረጠው?» አሉኝ።

ጠመንጃውን ቤታቸው መልሰን፣ እሳቸው ፈቃዳቸውን በፌስታል ጠቅልለው አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ አዲስ አበባ ገባን። ሻጯ ከወፍራም መስታወት ጀርባ የተቀመጠች ሴት ናት። ሁለት ዓይነት የብረት ጥይት አወጣችልን። ሁለቱም ቀይ ናቸው። ሁለቱም አንድ ናቸው። ዋጋቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። የውዱን ዋጋ ስትናገር ጋሽ ደምሴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «በፍየል ስንት ይሆናል?» አሉኝ። ነገርኋቸው። ተቀመጡ።

«ልዩነቱ ምንድን ነው?» አልኋት።

«ይኼኛው ርካሽ ነው። ያኛው አስተማማኝ ነው። ርካሹ መጋዘን ውስጥ እርጥበት ሳያገኘው አልቀረም፤ አንዳንዱ ይተኮሳል፣ አንዳንዱ አይተኮስም።»

«ርካሽም አስተማማኝም የሆነ የለሽም?»

«እሱን እኔም እየፈለግኩ ነው» አለችኝ።

ተከራከርሁ። ወንበር ስቤ ተቀመጥሁ። እሷ ምሳ በልታ ተመለሰች፤ እኔ እዚያው ነበርሁ። በመጨረሻ ርካሹን የበለጠ አርክሳልኝ፣ ከእሱ ብዙ፣ ከውዱ ደግሞ ጥቂት ገዛሁ። ሐሳቤ ግልጽ ነበር፤ በርካሹ እንሞክራለን፣ ካልሆነ ውዱን እናጎርሳለን። በሙያዬ የዚያን ቀን ያህል ኮርቼ አላውቅም።

ኩራቴ የቆየው እስከ ፍተሻ ኬላው ድረስ ነው። አውቶቡሱ ቆሞ ሻንጣዬ ሲከፈት ፈታሹ ሁለቱንም ካርቶን አውጥቶ ጥይቱን አንድ በአንድ ቆጠረ፤ ፈቃዱን አየ፤ «ለዳክዬ?» ብሎ ጓደኞቹን ጠራ። ሁሉም ከሳቁ በኋላ በትሕትና፣ በጥንቃቄ፣ አንዲት ሳያስቀር ጥይቱን መለሰልን። አንድ ፌስታል ውስጥ። ሁሉንም ቀላቅሎ።

ጋሽ ደምሴ ፌስታሉን አዩ። እኔን አዩ። እስከ ባሕር ዳር ድረስ አላናገሩኝም።

ቅዳሜ ጎሕ ሳይቀድ እኔና እሳቸው ሐይቁ ዳር ደንገል ውስጥ ነበርን። ብርዱ ጥርስ ያንቀጠቅጣል። ሰማዩ ሲገረጥ መጡ። መንጋው ሩዙ ላይ ሲያርፍ ድምፁ የቤት ጣሪያ ላይ በረዶ የወረደ ይመስል ነበር። ጋሽ ደምሴ ከፌስታሉ አንዱን አውጥተው በቀኙ አፍ አጎረሱና ሳቡ።

«ቀጭ!»

ምንም። ዘግይቶ ይተኮስ ይሆናል ብለው አፈሙዙን ወደ ሐይቁ እንዳዞሩ ጥቂት ጠበቁ፤ አወጡት፤ ሌላ አጎረሱ።

«ቀጭ!»

አንዲት ዳክዬ ወደ ድምፁ ዞር ብላ አየችና መልቀሟን ቀጠለች። በሦስተኛው ምድር ተናወጠ። ጋሽ ደምሴ ወደ ኋላ እኔ ላይ ወደቁ፤ እኔ ከነፌስታሉ ጭቃው ውስጥ ወደቅሁ። መንጋው በሙሉ ተነሣ። አንድም አልሞተም፤ አንድ ላባ ብቻ እየተንሳፈፈ ወረደ። ግን ሄዱ! ከሩዙ ላይ ሄዱ! ተቃቅፈን ሳቅን። ጭቃ የሞላ አፌን ከፍቼ፣ «አላልሁዎትም?» አልሁ።

ፀሐይ ስትወጣ ጎረቤታቸው እትዬ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ በትር ይዘው መጡ። ጋሽ ደምሴን በዕድሜ የሚበልጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው።

«ደምሴ! ይብራህን ና ውሰድ!»

«የእኔ ይብራ አይደለም እኮ፣ እታለም።»

«ካንተ ማሳ ተነሥቶ አይደለም እኔ ማሳ ላይ ያረፈው? አንተስ ጠመንጃ አለህ፣ ጥይት የሚገዛልህ አማች አለህ። እኔ በምን ላባርር? በነጠላዬ? ልጄ ኮሌጅ የምትማረው በዚህ ሩዝ ነው!»

ጋሽ ደምሴ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። የእኔም ሳቅ የት እንደገባ አላውቅም። አገር ለአገር ዞሬ የገዛሁት ነገር ዳክዬውን ከአንዱ ማሳ ወደ አንዷ ባልቴት ማሳ ማጓጓዣ ሆኖ ተገኘ። ማንም ሳይጠይቀኝ አፌ ቀደመኝ።

«እትዬ፣ ነገ ጎሕ ሲቀድ እርስዎ ማሳ ላይ ነን።»

«ጥይቱስ?» አሉ ጋሽ ደምሴ በሹክሹክታ።

«ያለው ሁሉ።»

በማግሥቱ እትዬ ጥሩወርቅ ራሳቸው በትራቸውን ተደግፈው ከኋላችን ቆሙ። ዳክዬዎቹ መጡ፤ አረፉ። ጋሽ ደምሴ አጎረሱ፤ ሳቡ። ቀጭ። ጠበቁ፤ ሌላ አጎረሱ። ቀጭ። ያ ሁሉ ክርክሬ፣ ያ ሁሉ ያረከስሁት ርካሽ፣ ተራ በተራ እየወጣ ቀጭ ይላል። ከኋላችን እትዬ ጥሩወርቅ በየቀጩ «ኡፍ» ይላሉ። ፌስታሉ ውስጥ አንዲት ቀረች።

«ይቺ ከውዱ ናት» አልሁ። «የግድ ከውዱ ናት።»

ቀጭ።

ትናንት ከእኔ ጋር ጭቃ የገባው ፌስታል ውዱንም አርጥቦት ኖሯል። እዚያ ላይ ምን እንደሆንሁ አላውቅም። ከፊቴ ያ ሁሉ ወፍ የዚያችን ልጅ ኮሌጅ ዛላ በዛላ ይለቅማል። ከሱቅ ወደ ሱቅ፣ ከሱቅ ወደ ፖሊስ ጣቢያ፣ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ተንከራትቼ እዚህ የደረስሁት ቁጭ ብዬ ልመለከት ነው? ጠመንጃው ወደ ሐይቁ እንደዞረ ጋሽ ደምሴን ትቼ ብድግ አልሁ። ጋቢዬን አውልቄ እንደ ባንዲራ እያውለበለብሁ ጭቃው ውስጥ ሮጥሁ። ጮኽሁ። ስንት ዓመት ለነጋዴ ልለው ፈልጌ የዋጥሁትን ሁሉ ለዳክዬዎቹ ተናገርሁት። «ሌቦች!» አልኋቸው። «ትናንት የነገርኸኝ ዋጋ ይኼ ነበር?» አልኋቸው። «ኦሪጅናል ነው ብለህ አልነበረም? መልስ! ገንዘቤን መልስ!»

አንድ ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀረ፤ አልተመለስሁለትም። መንጋው መጀመሪያ ግራ ተጋባ፤ ከዚያ እንደ አንድ ሰው ተነሣ። ወደ ጋሽ ደምሴ ማሳ ሊዞር ሲል በባዶ እግሬ ቀድሜ ደረስሁ፤ ወደ እትዬ ጥሩወርቅ ሊመለስ ሲል እዚያም ደረስሁ። በመጨረሻ ሐይቁን አቋርጦ፣ እየተንጫጫ፣ ከዓይን ጠፋ።

ሩዙ ዳር ቁጭ አልሁ። ሁለቱ አዛውንቶች ቀስ ብለው መጥተው ከላዬ ቆሙ። እትዬ ጥሩወርቅ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ፤ ጭቃዬን፣ ባዶ እግሬን፣ ጋቢዬን። ከዚያ በትራቸውን ወደ እኔ ቀስረው፣

«ደምሴ» አሉ፣ «ይኸን ሰው ከመጀመሪያው ለምን አላመጣኸውም?»

የዓመት ፈቃዴን ወስጄ፣ ጎሕ በቀደደ ቁጥር ዳክዬዎቹ ላይ እየጮኽሁ እስከ አጨዳው ድረስ እዚያው ሰነበትሁ። ሁለቱም ማሳ በሰላም ታጨደ፤ የእትዬ ጥሩወርቅ ልጅም ትምህርቷን ቀጥላለች። ሰብለ አንዲት የእርሳስ ፍሬ ጣና ውስጥ ባለመግባቷ ደስ ብሏታል። እኔ ብቻ ድምፄ ተዘግቶ ወደ ሥራዬ ተመለስሁ። አሁን ዋጋ ስከራከር ነጋዴዎቹ ምን እንዳልሁ ለመስማት ጠጋ ይላሉ፤ በጣም የተናደድሁ ይመስላቸዋል መሰለኝ፣ ሳልጠይቃቸው ይቀንሱልኛል።